የሀቢሶ ሆድና የእኔ ምላስ

ጃንዋሪ 18፣ እሁድ

ዛሬ የባሌ ሆድ በጉባኤ ፊት ታወጀ። ፓስተር ምሕረቱ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ወንድማችን ሀቢሶ በቅርቡ ለ... ለታችኛው የሆድ ክፍል ቀላል ኦፕራሲዮን ስለሚገባ በጸሎት አስቡት» አሉ። ቡአ የሚባል ቃል መድረክ ላይ አይወጣም። ጉባኤው ግን ገባው፤ ወንዶቹ ጣሪያውን፣ ሴቶቹ ጫማቸውን አዩ። ሀቢሶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ የሚቀመጠው ፊት ወንበር ላይ ነው፤ ጆሮው ከኋላ ሲቀላ አየሁት። ጠይም ጆሮ ሲቀላ ማየት ልምድ ይጠይቃል፤ እኔ ትዳሬን በሙሉ ሳጠናው ኖሬያለሁ።

ቡአውን የሰጠው ጆበርግ ዳር፣ ዲፕስሉት ያለው ሱቁ ነው። የፓፕ፣ የበቆሎ ገንፎ ዱቄት ከመኪና ሲራገፍ ሰው አያስነካም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ሰው አስነካ ነበር።

ከአምልኮ በኋላ የምክር ጊዜ ሆነ። ጆበርግ ያለ ሐበሻ ሁሉ፣ ሱቁን ሲዘጋ ሐኪም ነው። ዕቃ የሚያመላልስልን ሙሉቀን ባሌን ጥግ አስይዞ፣ «ወንድም ሀቢሶ፣ በጌታ፣ የጀርባውን መርፌ እንዳትቀበላቸው! የአክስቴን ልጅ ወግተውት እስከ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አያስርም» አለው።

«የአክስትህን ልጅ እንዳይጎነበስ የከለከለው ቦርጩ ነው» አልኩ። ሳቁ። ሀቢሶ አልሳቀም።

ቤት ስንገባ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ? ልተኛ ወይስ ጀርባዬን ልወጋ?» አለኝ።

«ተኛላቸውና ተገላገል። ነቅተህ ከዋልክማ እነሱንም መስበክህ አይቀርም።»

ለሳቅ ነው ያልኩት።

ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

ሆስፒታል። የማደንዘዣ ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። እኔ አስተረጎምኩ። አለርጂ? የለም። ሲጋራ? ሀቢሶ በጥያቄው ተቀየመ። ከቤተሰብህ በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው አለ? «የለም።»

ይህችን ፈጥኖ መለሳት። የዳቦ ዋጋ ሲጠየቅ እንኳ አስቦ የሚመልስ ሰው።

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ

አስገቡት። ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። «ደህና ሁኚ» አላለም፣ ስለ ልጃችን፣ «ለኤልሳቤት ዳቦ ቁረጪላት» ነው ያለው።

ቢላ ሳይነካው አቆሙ። ከመተኛቱ መንጋጋው ተቆለፈ ይላሉ። ልቡ ሮጠ። ከዚያ ትኩሳት።

አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል። አያስገቡም።

አሠሪዬ ጋሽ ሽኩር ደወሉ። ምን እንዳልኳቸው አላውቅም።

ጃንዋሪ 28፣ ረቡዕ

በሕይወት አለ። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፣ ሌላው ይደርሳል።

ዶክተሯ ወንበር ስባ አስረዳችኝ። የሚያስተኛው ጋዝና ጡንቻ የሚያላላው መርፌ ለኔም ላንቺም መድኃኒት ናቸው፣ ለጥቂት ሰው ግን እሳት ናቸው አለች። ከብዙ ሺህ አንድ። ጡንቻው ተኝቶ እያለ እንደሚሮጥ ሰው ይሠራል፣ ይሠራል፣ ራሱን ያቃጥላል። መድኃኒቱ ዱቄት ነው፤ በውሃ ካልሟሟ አይሰጥም፤ ቶሎ አይሟሟም። የክፍሉ ነርስ በሙሉ፣ የፅዳት ኃላፊዋ ሳትቀር፣ በሁለት እጇ ጠርሙስ ይዛ ስትንጥ ነበር አሉ። በብብቱና በብሽሽቱ በረዶ ደረደሩበት።

ባሌ ከብዙ ሺህ ሰው ተመርጦ አንድ ሆነ። የሱፐርማርኬት ዕጣ እንኳ ወጥቶለት የማያውቅ ሰው።

ትናንት ወደ ማታ ስወጣ ጋሽ ሽኩርን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው። ዱርንፎንቴን ያለው የጅምላ መደብራቸው ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ፤ በስልክ «በረዶ አደረጉበት» ብያቸው ኖሮ፣ በረዶ በማዳበሪያ ጭነው መጥተዋል። ዘበኛው አላስገባቸውም። ከመኪናው ኋላ ውሃው በአስፋልቱ ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው አጠገቡ ቆመዋል።

«ጋሽ ሽኩር፣ ኧረ ይሂዱ፤ እነሱም በረዶ አላቸው።»

«አውቃለሁ። ግን ቢያልቅባቸውስ?»

አጠገባቸው ቆምኩ፣ ውሃው ሲወርድ እያየን።

«ተኛላቸውና ተገላገል።» የኔ ቃል ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ፌብሯሪ 1፣ እሁድ

የመተንፈሻ ቱቦውን አወጡለት። የመጀመሪያ ቃሉ «ሱቁን ማን ከፈተ?» ነው። ነርሷ ምን አለ ስትለኝ፣ «ጌታን እያመሰገነ ነው» አልኳት።

ከሰዓት ዶክተሯ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። ይህ ነገር በደም የሚወረስ ነው፣ ከቤተሰብህ እንዲህ የሆነ ሰው በርግጥ የለም? ሀቢሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ «ሽጉጤ» አለ።

ሽጉጤ ታላቅ ወንድሙ ነው። እኔ የማውቀው «ታሞ ሞተ» የሚለውን ብቻ ነበር። አባቱ ጌታን የተቀበሉ ዓመት፣ በቤቱ የነበረውን ጨሌና ክታብ ሁሉ አውጥተው በመንደሩ ፊት አቃጠሉ። ወሩ ሳይሞላ ሽጉጤ ከዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ሆስፒታል ወስደው አስተኙት። ሰውነቱ እሳት ሆነ፣ እዚያው ሞተ። መንደሩ «ያቃጠሉት መንፈስ በልጁ ተበቀለ» አለ። አባትየው ወደ ድሮው እምነት አልተመለሱም። ግን መልስም አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ አስተረጎምኩ። ዶክተሯ እጁን ይዛ፣ «መንፈስ አይደለም በዪው። ወንድሙን የገደለው ይሄው በሽታ ነው» አለች።

ሀቢሶ ስወጣ ነው፣ «አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ» ያለኝ።

ፌብሯሪ 12፣ ሐሙስ

ቤት ገብቷል፣ ቤሪያ ሰፈር፣ ከነቡአው። ቡአው ከዚህ ሁሉ ግርግር ምንም ሳይሆን እንዳለ አለ። ቀጠሮው ለኤፕሪል ነው፤ ሰውነቱ ይጠንክር አሉ። ያኔ ከወገቡ በታች ብቻ ነው የሚደነዝዘው፣ በጀርባ መርፌ። የሙሉቀን የአክስት ልጅ ይቅር ይበለን።

ዶክተሯ ግን ለብቻዬ የነገረችኝ አለ። አንጀቱ እዚያ ታንቆ ድንገት ከወደቀ፣ የትም ሆስፒታል ቢገባ፣ እንዲህ ላለ ሆድ የሚቸኩሉበት መርፌ ያው የሚገድለው ነው። ስለዚህ የማያውቁት ሰዎች እንዲያውቁ የብረት አምባር እጁ ላይ ይታሰርለት። ላዩ ላይ ቀይ ምልክት፣ የበሽታው ስም፣ ስልክ ቁጥር ተቀርጾበታል። ለኤልሳቤትም ሰጡን፤ ልጁ ናትና እሷም ሊኖርባት ይችላል። የሷ ሮዝ ማሰሪያ አለው። ሀቢሶ ራሱ አሰረላት፣ እንዳይጠብቃት ጣቱን አስገብቶ ለካላት።

የራሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከሩቅ አየው።

«ፍሬ፣ ይሄ ክታብ ነው።»

«ስልክ ቁጥር ያለው ክታብ የት አይተሃል?»

«ጽሑፍ አለበት። እጅ ላይ ይታሰራል። ከሞት ይጠብቃል። ሌላ ስሙን ንገሪኝ።»

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጎረምሳ አንገት ላይ ክር ያስፈታው እሱ ነው፣ በጉባኤ ፊት። አሁን ራሱ አምባር አጥልቆ ሊገባ ነው? እኔ ቀልዱን ነው ያየሁት። እሱ ያየው አባቱን ይመስለኛል።

ፌብሯሪ 15፣ እሁድ

ምስክርነት ሰጠ። «በእሳት መካከል አልፌ አልተቃጠልኩም» አለ። እልልታው ጣሪያ ነካ። እኔም እልል አልኩ፣ እውነት ነውና። ከዚያ ከኋላችን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ «በቃ ተፈወሰ፣ ኦፕራሲዮኑም ይቅርበታል» ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ «እህቴ፣ ቡአው አልመሰከረም» ልላት ነበር። ኤልሳቤት ቀሚሴን ያዘችኝ።

የሀቢሶ እጅ ግን ባዶ ነበር፣ አምባሩ የለም። የዘረጋቸው እጆቹ፣ ሁለቱም።

ፌብሯሪ 18፣ ረቡዕ

ዘዴ አገኘሁ። ዋጋ በምንጽፍበት ማርከር ክንዱ ላይ በእንግሊዝኛ «በጋዝ አታስተኙኝ» ብዬ ጻፍኩበት። ዝም ብሎ ሰጠኝ፣ ለሰላም ሲል። ማታ ታጥቦ ገባ። ዲፕስሉት አንድ ደንበኛ አይቶት፣ «ማይፍሬንድ፣ ዛሬ ቅናሽ ላይ ነህ እንዴ? ስንት ነህ?» ብሎት ሰልፉ ሁሉ ሳቀበት።

ቅናሽ ላይ አይደለም። ለማንም አልሸጠውም።

ፌብሯሪ 21፣ ቅዳሜ

አምባሩ ካስቀመጥኩበት መሳቢያ የለም።

ቆሻሻ መጣያውን ዘርግፌ ፈተሽኩ። የለም። ስጠይቀው «አስቀምጬዋለሁ» ይላል። የት? «ቦታው።» እንዲህ ያለ መልስ ለቀረጥ ሰብሳቢ ነው የሚሰጠው።

«ጥለኸዋል!»

«ፍሬ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! ነገ ብትሞት ምስክርነትህ ያሳድጋታል?»

ይህን አልኩት። እግሩን እያየ ቆመ፣ ከዚያ ሱቅ ሄደ። እኔ አንድ ቀን ምላሴን አምባር አስርለታለሁ፤ ላዩ ላይ «አደገኛ፣ ከመጠቀም በፊት ሐኪም ያማክሩ» ተብሎ የተቀረጸበት።

ፌብሯሪ 26፣ ሐሙስ

አዲስ ምልክት። ሙቀቱ ጣራ ያቀልጣል፣ ሀቢሶ ግን በካልሲ ይተኛል። ወፍራም ካልሲ፣ ሱቁ ውስጥ ለክረምት የሚሸጠው። «እግሬን ብርድ ገብቶኛል» ይላል። ማደንዘዣው የተወው ነገር ይሆን? ሆስፒታል ደወልኩ። ነርሷ «እብጠት አለው? ቀለሙስ?» አለችኝ። እንዴት ልወቀው፣ አያሳየኝም! ሲታጠብም በር ይዘጋል።

ኤልሳቤት፣ «ማሚ፣ የዳዲ እግር ሻይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ዓይን አፋር ማለቷ ነው። እኔ አልሳቅኩም። በእግሩ የጀመረ ነገር የት ሊደርስ ነው?

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ጋሽ ሽኩር ለአፍጥር ጠሩን። ባለቤታቸው ዛሂራ በር ላይ ጫማ አስወለቀችን። ሀቢሶ ጫማውን አወለቀ፣ በካልሲ ገባ፣ የግራው አውራ ጣት ላይ ቀዳዳ አለ። ምንጣፉ የኮምቦልቻ ነው፣ ቀዳዳው የባሌ ነው፣ እፍረቱ የኔ ነው።

ዛሂራ፣ «ብርድ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ በጨው ላምጣለት፣ ነክሮ ይቀመጥ» አለች።

«ኧረ ደህና ነኝ! ደህና ነኝ እህቴ!» እግሩን ሶፋው ሥር ሸጎጠ።

ኤልሳቤት በጨዋታ ጎንበስ ብላ ካልሲውን ስትጎትት «ተይ!» ብሎ ጮኸባት። ሀቢሶ በልጁ ጮኾ አያውቅም። ጋሽ ሽኩር ዝቅ ብለው ወደ እግሩ አዩ፣ ከዚያ ቴምር አነሱና፣ «ተዉት። ሰው የእግሩን ጉዳይ ራሱ ያውቃል። ብላ ሀቢሶ፣ ብላ» አሉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነገር ነበረ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም፤ ቀዳዳው ይሆናል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ኤልሳቤትን ይቅርታ ጠየቃት። በትራፊክ መብራት ላይ፣ ዞር ብሎ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

ጎጎ ደወለች። ዲፕስሉት የሱቁ ግቢ ባለቤት፣ አሮጊቷ። ሀቢሶ ሆዱን ይዞ ባንኮኒው ኋላ ወደቀ። ያስመልሰዋል። ወስደውታል። የት ሆስፒታል አልኳት፣ መስመሩ ተቋረጠ።

ታክሲ ውስጥ ነኝ። አይንቀሳቀስም። እጁ ባዶ ነው። እጁ ባዶ ነው። ደጋግሜ እደውላለሁ፣ ጎጎ አታነሳም። አባት ሆይ፣ አሁን ማንም እንዳይቸኩል።

ማርች 19፣ ሐሙስ

አሁን በሥርዓቱ ልጻፍ።

የሆስፒታሉ በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቁ ጎረምሶች ቆመው ነበር። የውጭ አገር ሰው እንዳይገባ። ጎጎ ከወንድሟ ልጅ መኪና ወርዳ፣ በነጠላ ጫማዋ፣ «መታወቂያው እኔ ነኝ!» ብላ ገፍታቸው አስገባችው። መዝጋቢው ስሙን ሲጠይቃት ግን ተቸገረች። ሁላችንም «ማይፍሬንድ» ነው የምንለው አለች። እኔ ስደርስ «ሀቢሶ የሚባል የለም፣ ሚስተር ፍሬንድ የሚባል አለ» አሉኝ። እሱ ነው አልኩ። ባሌ ነው።

የቀረውን የነገረችኝ ጎጎ ናት፣ እየተነሳች፣ እየተቀመጠች፣ የሁሉንም ድርሻ እየሠራች። ሀቢሶ ከሕመሙ ብዛት እንግሊዝኛው ጠፋው፣ ዙሉውም ጠፋው። ሐኪሙ መርፌውን ቀድቶ ቆሟል። ባሌ በዚህ ጊዜ የግራ እግሩን አነሳ። ወደ ነርሷ ፊት።

«ባባ፣ እግርህን አውርድ፣ የታመመው ሆድህ ነው።»

አወረደችው። መልሶ አነሳው። ዳግም አወረደችው። ዳግም አነሳው፣ አፍንጫዋ ሥር። ሐኪሙ «ተቃዥቷል፣ እግሩን ያዙት» አለ። ጎጎ ተናደደች። «ይሄ ልጅ ባለጌ አይደለም! እግሩን የሚሰጣችሁ ምክንያት ቢኖረው ነው!» ብላ ጫማውን መነጨቀች፣ ካልሲውን መነጨቀች።

አምባሩ እዚያ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ። ለእጅ የተሠራ ስለሆነ አልደረሰለትም፣ በጫማ ክር አስረዝሞታል፣ ሱቁ ውስጥ ከሚሸጠው ነጭ ክር። ሐኪሙ አነበበውና የያዘውን መርፌ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ጎጎ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባዶ እጇን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

በጀርባ መርፌ ሠሩት። ነቅቶ ነው የዋለው። ሲዘምር ነበር አሉ፤ ሦስተኛው መዝሙር ላይ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ትንሽ ዝቅ እንዲያደርግ ለመነው።

ዛሬ ስገባ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። እኔ በመንገዱ ሁሉ የምለውን አሰናድቼ ነበር። ብርድ ስላገኘው እግር፣ ስለ ቀዳዳው፣ ነርሷን የጠየቅኩትን ሁሉ፣ ቆሻሻ መጣያ ስለዘረገፍኩበት ቅዳሜ። ሁሉንም ትቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«መቼ ነው ያሰርከው?» አልኩ።

«‹ምስክርነትህ ያሳድጋታል?› ያልሽኝ ቀን አድርጌው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ትስቂያለሻ።»

ልክ ነው። እስቅ ነበር። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ለሙሉቀን ነግሬው አብረን እንስቅ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የፓስተር ምሕረቱ ሳል ተሰማ። ሀቢሶ ፊቱ ተለወጠ። «ካልሲውን፣ ፍሬ፣ ካልሲውን ቶሎ!» ነርሷ በፌስታል ከሰጠችኝ ዕቃ ውስጥ አወጣሁና አጠለቅኩለት፣ አምባሩን ሸፈንኩት፣ ብርድ ልብሱን አለበስኩት። ፓስተር ገቡ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ብቅ ያለችውን ባለ ቀዳዳ ካልሲ አዩ።

«በዚህ ሙቀት?»

«ብርድ ገብቶት ነው ፓስተር» አልኩ። «ከማደንዘዣው ነው። ሐኪሞቹም ያውቁታል።» በሕይወቴ እንዲህ ኮስተር ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። ጠይም ጆሮውን አየሁ፤ ቀልቷል።

«አይደለም» አለ ሀቢሶ።

ሁለታችንም ዞርን።

«አልበረደኝም ፓስተር። ፍሬ፣ አውልቂልኝ።»

አወለቅኩለት። አምባሩ ከነጭ ክሩ ወጣ። ፓስተር መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና አነበቡት፣ በዚያ በመድረክ ድምፃቸው፣ የበሽታውን ረጅም ስም ሳይዘሉ፣ ስልክ ቁጥሩንም ሳያስቀሩ።

«ወንድሜን ሽጉጤን የገደለው ይሄ ነው» አለ ሀቢሶ። «ይሄ ብቻ ነው። አባቴ ያቃጠለው ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ምስክርነቴ ይህንን ነው የምናገረው።»

ፓስተር ቀና ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቡአውስ ዳነ?» አሉ።

ሦስት ቀልድ መጣልኝ። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። ዋጥኳቸውና እግሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። በርግጥም ቀዝቅዞ ነበር።